ዓርብ ያልሄድንበት መንገድ

ጆንጁ
ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ ጠዋት

የምወድሽ ልጄ ሰልጊ፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ከባድ ነገር እንዳታነሺ እየተቆጣ ነው አለችኝ እናትሽ፤ አበጀህ በይልኝ። እናንተ ጋ በርገን ዝናቡ አያባራም ይባላል፤ ሲያዳልጥ ደረጃ ላይ ተጠንቀቂ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ለክረምቱ የሚቀመጠውን ጎመን ባለፈው ሳምንት በበርበሬ አሽተን በየማሰሮው ከተናል። ዘንድሮ በርበሬውን ያሸሁት እኔ ነኝ። እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅጠሉን በጣቷ እየዳሰሰች «እዚህ ጋ አልደረሰም፤ ይህቺን ደግሞ ዘለልካት» ስትለኝ ነው የዋለችው።

ለምን በጣቷ ትዳስሳለች ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፤ ስትደውዪ «እናትሽ እዚህ አለችልሽ» ብዬ ማቀበል የለመድኩ ሰው ነኝ። ደግሞም እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የምናገረው ነገር አይደለም። አሁን የጎረቤታችን ሴትዮ ክንዷን ይዛ የአረጋውያን መዋያ ወስዳታለች፤ እስከ ምሳ አትመለስም። ሳትመጣ ልጨርሰው።

በኦገስት ያስገባሽኝን ቃል አልረሳሁም። ሐኪሙ የቀኝ ዓይኗ እንዳበቃለት፣ የግራውም በግላኮማው የተነሳ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት እየጠበበ መሄዱን፣ ክረምቱን ላይሻገር እንደሚችል የነገረን ሰሞን ነበር። «አባዬ፣ ዘንድሮ ቅጠሉ ሲቀላ ተራራውን የምትመርጠው እሷ ናት። አንተ አይደለህም። ቃል ግባልኝ» አልሽኝ። ገባሁልሽ። እናትሽም ስልኩ ሳይዘጋ መረጠች።

«ኔጃንግ» አለች። «ከተራራው መግቢያ በር እስከ ገዳሙ የሚወስደውን ሜዳ መንገድ። ሌላ አልፈልግም።»

ሳቅሁባት። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ከተቀመጥኩ ከዚህ ልጀምር፤ ሳቅሁባት። «እሱ'ኮ ተራራ አይደለም፤ ፎቶ መነሻ ነው» አልኳት።

«እኔስ መቼ ተራራ ወጪ ሆኜ አውቃለሁ? አውቶቡስ ጠባቂ ነኝ» አለችኝ።

ልክ ነበረች። የቅዳሜ ተራራ ወጪዎች ማኅበርን ስመራ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። መኸር በገባ ቁጥር አርባ አራት ሰው «አለቃ፣ ዘንድሮ ወዴት ነው?» እያለ የእኔን አፍ ይጠብቃል። የቅጠሉ ቀለም ከተራራው ጫፍ ይነሳና ሌሊቱ በቀዘቀዘ መጠን በየቀኑ ወደ ታች ይወርዳል። ሰሜን የሚያየው ተዳፋት ይቀድማል። ውኃ ያለበት ሸለቆ ቀዩ ይጠራል። ፀሐይ ከቅጠሉ ጀርባ እንድትሆን ከቀትር በኋላ በየት በኩል እንደሚወረድ ማወቅ ይጠይቃል። የማን ጉልበት ይታመማል፣ የማን ልብ ደካማ ነው፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፏል፤ ይህን ሁሉ አስቤ ነው መንገድ የምመርጠው። እናትሽ ግን አንቺ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሽ ጉልበቷ ከተጎዳ ጀምሮ ከእኛ ጋር ትመጣና አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ካገኘችው ምግብ ቤት ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንድ ቀን እንኳ መንገዱን በእሷ ጉልበት ልክ መርጬ አላውቅም። ስንወርድ አንድ ቀይ ቅጠል እጇ ላይ አኖርላትና «ላይኛው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል» እላታለሁ። ይህን እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ!

በኦክቶበር የመጨረሻው ሐሙስ ወይዘሮ ኦክሱን ደወለችልኝ። ኔጃንግ በሩ ላይ የሽንኩርት ቂጣ የምትጋግር ሴት ናት፤ በየዓመቱ ቅጠሉ ሲደርስ የምትነግረኝ እሷ ናት። ድምጿ ያለ ስልክም ጆንጁ ይሰማል።

«አለቃ! መንገዱ እሳት ለብሷል እኮ! ነገውኑ እትዬን ይዘው ይምጡ። እሁድ ዝናብና ነፋስ ነው ተብሏል። ከዚያ በኋላ ከመጡ ግን አልዋሽዎትም፣ መጥረጊያ ይዘው ይምጡ።»

አመስግኜ ዘጋሁ። እናትሽ ወጥ ቤት ሆና «ማን ነው?» አለች።

«ኦክሱን ናት» አልኳት። «ገና ነው አለች። አንድ ሳምንት ይቆይ።»

ሰልጊ፣ ይህን ስል ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ቅዳሜ ማኅበሩን ይዤ ጂሪ ተራራ፣ ፒያጎል ሸለቆ መውጣቴ ነበር፤ በአለቃነት የመጨረሻ ጉዞዬ ነው፣ ስሜ የተቀረጸበት ነሐስ ሰሌዳ እንዳሠሩልኝ ደግሞ ከአንዱ አፍ ሾልኮ ሰምቻለሁ። ዓርብን መንገዱን አስቀድሜ ላይ ብዬ ለራሴ ይዤው ነበር። መሪ ቀድሞ ሳይረግጥ ሰው ይዞ አይወጣም እላለሁ ሁልጊዜ። ሰበብ ነው። ያን ሸለቆ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ዓርብን ለእናትሽ ብሰጣት የሚጎድልብኝ አልነበረም። ግን የመጨረሻዬ ቀን እንከን እንዳይኖርበት ፈለግሁ፤ እሷ ደግሞ ሳምንት ብትቆይ ምን ትሆናለች አልኩ። ሁልጊዜ ስትቆይ አይደል የኖረችው።

ዓርብ ብቻዬን ሄድኩ። ቅዳሜ ከሁሉም ጋር ሄድኩ። ሸለቆው እንዴት እንደነበረ አልነግርሽም፤ በዚያን ቀን ከእኔ የበለጠ ደስ ያለው ሰው አልነበረም ማለቱ ይበቃል። ሰሌዳውን ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ፣ የሩዝ ጠላ አጠጡኝ። አቶ ኩ፣ ያ ጡረታ የወጣው የፖስታ ቤት ሰው፣ «አለቃ፣ ዘንድሮ ራስዎን በለጡት! እትዬስ ምነው ቀሩ?» አለኝ።

«ብርድ ፈርታ» አልኩት። ሁለተኛው ውሸት መሆኑ ነው።

እሁድ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። መስኮቱ ጋ ቆሜ የግቢያችን ዛፍ ሲራቆት አየሁ። እናትሽ ከኋላዬ መጥታ ቆመችና «ነፋሱ ከባድ ነው አይደል?» አለች። «ኧረ ትንሽ ነው» አልኳት።

በሳምንቱ ሐሙስ ይዣት ሄድኩ። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ወይን ጠጇን ጃኬት ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ። አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዛ ነበር፤ ስንት ዘመኗ እጄን ከያዘች! እየፈራች ነው ብዬ አልገመትኩም፤ ደስ ብሏት ነው አልኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ወይዘሮ ኦክሱን አየችን። ሰላም ልትለን እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው፤ ዞራ ምድጃዋን ታራግብ ጀመር።

መንገዱ ባዶ ነበር። እዚያ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ትንንሽ ነው፤ የአገሩ ሰው «የሕፃን እጅ» ይለዋል። አንድም አልቀረም። ቅርንጫፍ ብቻ፣ ከላይ አመድማ ሰማይ። ጎብኚ የለም፤ ሁለት መነኮሳት ከሩቅ ይጠርጋሉ። ቆሜ ቁጣዋን ጠበቅሁ። ይገባኛል አልኩ፣ ትቆጣኝ፣ ሰው ፊት ትስደበኝ።

እናትሽ ግን ፊቷን ወደ ቅርንጫፎቹ ቀና አድርጋ ፈገግ አለች። «እንግዲህ ይኸው መጣን» አለች። «እንዴት ነው ዘንድሮ? ንገረኝ እስቲ።»

ያኔ ገባኝ። ዓይኗ የትም አያርፍም ነበር።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። ሚስቴ ማየት እንዳቆመች በዚያች ደቂቃ ሳውቅ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነው። ባዶውን ዛፍ አላየችም፤ ውሸቴ አይታወቅም። ልቤ መጀመሪያ ያለው ይህን ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ይህን ሰው ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

ከዚያም የባሰ አደረግሁ። ክንዷን ይዤ መናገር ጀመርኩ። «ቀዩ ይለያል» አልኳት። «በግራ በኩል ብርቱካን የመሰለ አለ። ፀሐይ ከኋላው ገብታበት ደም ሥሩ ሁሉ ይታያል።» ቅዳሜ ፒያጎል ያየሁትን ነው እየቆረስኩ የሰጠኋት። እሷ በሌለችበት የበላሁትን ትርፍራፊ። እየሰማች መቶ እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«ቦንግሱ» አለችኝ። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «እግሬ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ይኼ እርጥብ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚውጠኝ። ዛፉ ላይ ያለው ሌላ፣ መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው?»

በጫማዋ ጫፍ ቅጠሉን ገፋ አደረገች።

«ኦክሱን የደወለች ቀን ሰምቻታለሁ» አለች። «ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መች ታመመ? ነገ አምጣት ስትልህ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ ትናገራለህ ብዬ። ሐሙስ ማታ ጠበቅሁህ፤ ሰዓት ሞልተህ ተኛህ። ዓርብ ጠዋት ጫማህን ስታስር በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ቀና ብትል ታየኝ ነበር። ቀና አላልክም።»

ቁጣ አልነበረበትም አነጋገሯ። ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ። ክንዷን ከእጄ አወጣች፣ መልሳ ደግሞ ራሷ ያዘችኝ፤ መንገዱን አታየውማ። ያ መልሳ መያዟ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ጥላኝ እንድትሄድ እንኳ አላስቻልኳትም።

ወይዘሮ ኦክሱን ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሴትዮዋ ቂጣውን አቅርባ ከአጠገባችን አልሄደችም። «እትዬ፣ እኔ'ኮ…» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ምን አደረግሽ? በጊዜው ተናግረሻል» አለቻት እናትሽ። «ይልቅ የድንች ቂጣም ጨምሪልኝ። እርቦኛል።» ሙሉውን ሳህን በላችው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ስትደውዪ የነገረችሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሁሉንም አየሁት አለችሽ፤ ጃንጥላ የሚያክል ቀይ ነገር ራሴ ላይ ተዘረጋ አለችሽ፤ አባትሽ ከጎኔ ሆኖ እያንዳንዱን አሳየኝ አለችሽ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ካልሲዬን አያለሁ። ስትዘጋው «እርጉዝ ናት፤ እስክትወልድ አትነግራትም። አውሮፕላን ላይ ወጥታ ትመጣለች» አለችኝ። በነጋታው አንቺ ደግሞ ጻፍሽልኝ። «አባዬ፣ ቃልህን ስለጠበቅህልኝ አመሰግናለሁ» የሚለውን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ መልእክት ስልኬ ውስጥ አለ። ሌላው ሁሉ ቢቻል ያንን ምስጋና ይዤ መኖር አልቻልኩም።

ሐኪሙ ዘንድም ሄደናል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ሌላ የለም፣ የሚመለስም አይደለም። «መቼ ነው ጨርሶ የደበዘዘብዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«እሁድ ማታ» አለች። «ሲዘንብ።»

እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ በጣቴ ቆጠርኩ። እሷ ቤቱን በልማድ እየዳሰሰች ስትኖር እስከ ሐሙስ አራት ቀን አላስተዋልኩም። ዓርብ ዓይኗ ነበር። ዓርብ ቅጠሉ ነበር። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ፊቴን አይቶ «መቼም ይህ መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ ራስዎን አይውቀሱ» አለኝ። እሱ የመሰለው ሌላ ነው፤ እኔም አላረምኩትም።

ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ተንበርክኬ ነው የጠየቅኋት። «ሰምቻለሁ» አለች። ሰምቻለሁ ብቻ። ከዚያ ወዲህ እንደ ዱሮው ትቀልዳለች፣ ትቆጣጠረኛለች፣ ጨው በዛ ትለኛለች። ይቅር ብላኝ ይሁን፣ እንዲሁ ስለማስፈልጋት ይሁን አላውቅም። መጠየቅ እፈራለሁ። ከማኅበሩ ወጥቻለሁ፤ አቶ ኩ ተክቶኛል። ሰሌዳውን የት እንዳደረግሁት አትጠይቂኝ።

ባለፈው እሁድ ቁርስ ላይ «ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ተራራ ልወጣ ነው» አለች።

«ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበትሽ…»

«ጉልበቴን ጠየቅሁህ እንዴ? ቦርሳህን አንግት፤ ማሰሪያውን ከኋላ እይዛለሁ።»

ሰው በአርባ ደቂቃ የሚወጣውን በሁለት ሰዓት ተኩል ወጣነው። በየእረፍቱ «እንመለስ?» እላታለሁ፤ «አንተ ደከመህ?» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ወድቃ መዳፏ ተልጧል። ላብሰው ስል «ሂድ ወደ ፊት» አለችኝ። መሪ ሆኜ ስኖር እንደዚያ ቀን እያንዳንዱን ድንጋይ አይቼ አላውቅም፤ «ይህቺ ከፍ ትላለች፣ ይህቺ ትነቃነቃለች» እያልኩ።

ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ እንደ ልማዴ፣ «በስተ ምሥራቅ በኩል…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በል» አለችኝ። «እባክህ ዝም በል።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። ብዙ ቆየች። የሰፈራችን ሴቶች ይመስሉኛል፣ ሦስት ሆነው ደርሰው አጠገባችን አረፉና ያመጡትን ኪያር ልጠው ለእሷም ለእኔም አካፈሉን። አንዷ ተጫዋች ነበረች።

«እማማ፣ ቅጠሉ'ኮ ካለቀ ቆየ። አሁን ምን ሊያዩ ነው የወጡት?»

እናትሽ ኪያሯን ቀርጠፍ እያደረገች፣ «ይህ ሽማግሌ ሃያ ምናምን ዓመት ከታች ትቶኝ የሚሄድበት ቦታ ምን እንዳለው ላይ ብዬ ነው» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። «ታዲያ እንዴት አገኙት?»

«ነፋስ ብቻ ነው» አለቻቸው። «ነፋስ ብቻ፣ ልጄ።»

እሷም አብራቸው ሳቀች።

ሰልጊዬ፣ ነገሩ ይህ ነው። እንድትመጪ ብዬ አልጻፍኩልሽም፤ በዚህ ሆድሽ አውሮፕላን እንዳታስቢ። እንድትምሪኝም አይደለም። ብትቆጪኝ፣ ለጊዜው ስልክ ባታነሺልኝ እችለዋለሁ። ለእሷ ግን አንሺላት፤ የነገርኩሽን የምታውቂ አታስመስዪባት፤ እሷ ራሷ በፈቀደችበት ቀን ትንገርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልጁ በሰላም ሲወለድ ፎቶ እንደምትልኪ አውቃለሁ። ላኪ፤ እኔ አየዋለሁ። ለእሷ ግን በጽሑፍ አድርጊላት። ጸጉሩ ወዴት እንደተኛ፣ ጆሮው የማንን እንደሚመስል፣ ሲያዛጋ አፉ እስከ የት እንደሚከፈት። አንዲት ነገር አትዝለዪ። አጠገቧ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም፤ አንዲትም አላስቀርም።

ምጥሽ ቀላል፣ ወተትሽ የማይጎድል ይሁን። ልጅሽ ዓይንሽን እያየ ይደግ። ባልሽ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ጀምሮ እውነተኛ የሆነ ሰው ይሁንልሽ።

አባትሽ
ታክ ቦንግሱ